እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊ

መርዶዬ የደረሰኝ በ2017 ዓ.ም. የካቲት 9 ቀን፣ እሑድ ማለዳ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በትኩሳት ታምሜ ከተነሣሁ ወዲህ ጆሮዬ አይሰማምና ሲያንኳኩ አላወቅሁም። ፊቴን ልታጠብ ውሃ ለመቅዳት በሩን ስከፍት ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሟቹ ባለቤቴ ወንድም ገብረ መድህን አለ። የአክስቴ ልጅ አብዶ ከሁሩታ መጥቷል። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ኢርሻድ ከኋላ ቆሟል። ጎረቤቴ ቢፍቱ ውሃ የሞላ ጆግ በሁለት እጇ ይዛለች።

ማንም አፉን አልከፈተም። እኔ የሰው ከንፈር አይቼ ነው ነገር የሚገባኝ። ገብረ መድህንን አየሁት፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል።

«መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ማን ነው?» አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ከዚህ በታች ያሉትን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው ይረዳኛል።

አብዶ «ጥቅምት ሃያ ሁለት» አለኝ። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ በደንብ ስላላየሁት ደግሞ እንዲለው አደረግሁት። ደገመው። ከዚያ በኋላ የቢፍቱን ውሃ ነው የማስታውሰው።

ልጄ መቅደላዊት ባህሬን አገር መኪና ገጭቷት ከሞተች ሦስት ወር ከአሥራ ሰባት ቀን ሆኗት ነበር። አስከሬኗ በዚያው እሑድ ቦሌ ስለሚገባ ነው እንጂ ገና ይደብቁኝ ነበር። በእነዚያ ሦስት ወራት ግን ደህና መሆኗን የሚናገር ደብዳቤ ይመጣልኝ ነበር።

እኔ መናኸሪያው በር ላይ ጠዋት ጠዋት ለመንገደኛ ድንች እየጠበስኩ ነው የምተዳደረው። ስልክ ስለማልሰማ ከልጄ ጋር የምንገናኘው በጽሑፍ ነው። ኢርሻድ በቴሌግራም ይቀበልልኝና አትሞ ይሰጠኛል፤ የእኔንም ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። የታተመው ቀለሙ እየለቀቀ ስለሆነ ሳይጠፋ በእጄ እየገለበጥኩ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነውና ቀስ እላለሁ። የጨመርኩበት ነገር የለም።

የመጀመሪያው በእጇ የተጻፈው ነው። ከላከችልኝ ዕቃ ጋር በሰው የመጣ ነው።

ባህሬን፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ካለሽበት ይድረስ። እንደምን ከረምሽ? ደም ግፊቱስ? መድኃኒቱን «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ እንደምትዘይው ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ይህን የምታደርስልሽ አሚራ የምትባል የጎበሳ ልጅ ናት፤ ምሳ ሳትበላ አትልቀቂያት። ካርቶኑን ስትከፍቺ አትደንግጪ። ትልቅ ጥቁር እንቁላል የሚመስለው ነገር ኤር ፍራየር ይባላል። ድንችን በትኩስ አየር ይጠብሳል። ዘይቱ ክንድሽን ካቃጠለው ወዲህ ድስት ሲፈላ ባየሁ ቁጥር የአንቺ ክንድ ይታየኛል። ለዚህ ቤት ልጆች ቁርስ በየቀኑ የምሠራው በዚህ ነው። አሠራሩን እነግርሻለሁ፤ ደጋግመሽ አንብቢው።

ድንቹን አጥቢና ከነልጣጩ በጣት ስፋት ቁረጪው። የእኛ አገር ድንች ጣዕሙ ልጣጩ ላይ ነው። አረንጓዴ የሆነ ካለበት ጣዪው፤ ሆድ ያማል። የተቆረጠውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፤ ውሃው እንደ አጥሚት ይነጣል፤ ድፊው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው። እማዬ፣ እዚህ ላይ መቸኮል የለም። እርጥብ ድንች ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ዘይት አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ አድርጊና በእጅሽ እሺው። ጨው አሁን አይገባም፤ ውሃውን ያስወጣዋል። ጨውና ሚጥሚጣ መጨረሻ ላይ ነው። ቅርጫቱን አትሙዪው፤ ከተደራረበ ይልፈሰፈሳል።

ሁለት መቶ ላይ አድርጊው። አሥር ደቂቃ ሲሆነው ቅርጫቱን ሳቢና ሽምብራ ስታምሺ እንደምታደርጊው ነቅነቅ አድርገሽ መልሺው። ሌላ አሥር ደቂቃ።

ሲያልቅ ጢጥ ጢጥ ይላል። አንቺ እንደማትሰሚው አስቤበታለሁ። እዚህ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ሞከርኩት፤ እመቤቴ አበደች ብላኛለች። ሲሠራ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊ። ንቅጥቅጡ ሲቆም ድንቹ ደርሷል። እኔ የነካሁሽ ያህል ቁጠሪው።

ሹፌሮቹ ይስቁብሽ ይሆናል። ይሳቁ! ሲቀምሱት አፋቸውን ይዘጋሉ።

ልጅሽ መቅደላዊት

አሰላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመቅደላዊት፣

የአቡዬ አምላክ ወጥተሽ እስክትገቢ አይለይሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ መድኃኒቱንም እውጣለሁ። ዕቃው በሰላም ደርሷል። ለአሚራ ምሳ አበላኋት፣ እንቁላልም አስያዝኳት።

ማሽኑን ኢርሻድ ቤት አስቀመጥነው፤ ከድንች ቦታዬ ሦስት እርምጃ ነው፤ መብራቱንም ከእሱ ልንጠቀም ተስማምተናል። መናኸሪያው ሁሉ መጥቶ አየው። የዴራው ሹፌር ኃይለየሱስ ዞር ዞር ብሎ አየና «እትዬ፣ ይሄ ራዲዮ ነው ወይስ የራስ ቁር?» አለኝ። ድንች ያለ ዘይት ይጠብሳል ስለው «ያለ ዘይት ድንች ከመብላት ዴራ ድረስ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» አለ። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ግን አንድ ነገር አለ። የሽቦው ራስ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው ያለው፤ የእኛ ግድግዳ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። አልገባ አለ። ኢርሻድ «ልቁረጠውና የእኛን ራስ ልግጠምልዎ» ብሎ መቀስ አነሣ። ካልሆነም የሽቦውን ራስ ከእኛ ግድግዳ የሚያገጥም አዳፕተር ገበያ ላይ ሞልቷል ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። ባለፈው ክረምት ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው ሱቅ የተቃጠለው በእንደዚህ ያለ ርካሽ ነገር ነው ይባላል። ብልጭ ሲል አልሰማም፣ ሲሸት ብቻ ነው የማውቀው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አልፏል። ስለዚህ ጥሩውን ከዚያው ገዝተሽ ላኪልኝ። አንቺ የመረጥሽው ከሆነ አልፈራም። አደራ ልጄ፣ ቶሎ ይሁን።

እናትሽ ፋናዬ

ባህሬን፣ ጥቅምት 17

እማዬ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ባለመቁረጥሽ ጎበዝ! የኢርሻድን መቀስ ደብቂልኝ። ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ከቅዳሴ መልስ እገዛዋለሁ፤ በሚመጣ ሰው እልከዋለሁ። አሁን እየጠሩኝ ነው።

መቅደላዊት

ከዚህ በኋላ ሃያ አራት ቀን ምንም አልመጣም። ኢርሻድ ጋ በየቀኑ እሄዳለሁ። «የለም» የሚለኝ ፊቱን ወደ ማተሚያው አዙሮ፣ በእጁ ብቻ ነበር። ከዚያ የአብዶ ልጅ ነቢላ ጻፈችልኝ። እሷም ባህሬን ነው የምትሠራው፤ አባቷ የአክስቴ ልጅ ስለሆነ አዳዳ ነው የምትለኝ። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው።

ባህሬን፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ ፋናዬ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አማርኛዬ ደካማ ነውና ስሳሳት ይቅር ይበሉኝ።

እስካሁን ሳንጽፍልዎ በመቆየታችን አዝናለሁ። መቅደላዊት ስልኳ ተሰብሯል። ቀኝ እጇንም ትንሽ ስለተጎዳች ለጊዜው መጻፍ አልቻለችም። ከባድ አይደለም፤ እባክዎ አይስጉ። እስኪሻላት እኔ እጽፍልዎታለሁ። መድኃኒትዎን እንዲወስዱ፣ ብቻዎን እንዳይሆኑ አደራ ተብለዋል። የአዳፕተሩ ነገር ወደፊት ይታያል።

ልጅዎ ነቢላ አብዶ

አሰላ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነቢላ፣

እግዚአብሔር ያክብርሽ። ስለ ጻፍሽልኝ ዕድሜ ይስጥሽ። አባትሽ ሰኞ ከሁሩታ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር፤ በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው በዚህ ወር ሲመጣ ሦስተኛው ነው።

እጇን ምን አገኘው? ማሽኑ ነው ያቃጠላት? እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ጋ ያለው ኢርሻድ ቤት ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ ሳልፍ እንደ ውሻ ዳር ዳሩን ይዤ ነው የማልፈው። ድሮ ኢርሻድ «እትዬ፣ ልቁረጠው?» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። አሁን ትቷል። ባለፈው ለማተሚያ ገንዘብ ስሰጠውም እጄን መለሰው።

ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰው ሁሉ ጥሩ ሆኖብኛል። ቢፍቱ በቀን ሦስቴ ትመጣለች። ትናንት ከኢርሻድ ጋር ስታወራ ደርሼ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ጣል አደረገች። ከንፈር እንደማነብ ታውቃለች። ነቢላ ልጄ፣ ጆሮ የሌለው ሰው የሚፈራው ጩኸት አይደለም፤ የተሸፈነ አፍ ነው።

የእጇን ፎቶ ላኪልኝ። ቁስሉ ቢያስፈራም ላኪው። አዳፕተሩንም አስታውሻት፤ ዕቃው ሲሠራ ካየሁ ልቤ ይረጋ ይሆናል።

አዳዳሽ ፋናዬ

ባህሬን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ ፋናዬ፣

አላህ ሰላምዎን ያብዛው። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ማሽኑ አይደለም፣ በፍጹም። በር ነው እጇ ላይ የተዘጋው። ፎቶ መነሣት አልወደደችም። አዳፕተሩ በዚህ አካባቢ አልተገኘም፤ አዳዳ፣ ለእሱ ብለው አይጨነቁ፣ ስለ እሱ ባይጽፉም ይሻላል። እንዲረጋጉ ግን መቅደላዊት የድንቹን አሠራር እንደገና እንድጽፍልዎ ነግራኛለች፦

ድንቹን ልጠው ይቁረጡ። ጨውና ቅመም ከዘይት ጋር ለውሰው ያሹት። መቶ ሰማንያ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ያድርጉት። ደወሉን ሲሰሙ አውጥተው በትኩሱ ያቅርቡ።

በጣም ትወድዎታለች።

ነቢላ

አሰላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነቢላ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ከመስከረሙ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩት። ልጣጩን ልለፈው፤ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። ጨውንም ልለፈው፤ የታመመ ሰው ይረሳል። ደወሉን ግን እንዴት ልለፈው? ልጄ «ደወሉን ሲሰሙ» አትለኝም። እሷ እኔን ብላ ጆሮዋን በጥጥ የደፈነች ልጅ ናት።

ሦስት ቀን ሥራ አልወጣሁም። ድንቹ ከረጢቱ ውስጥ አቆጥቁጧል። ቢፍቱ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «አመመኝ» አልኳት፤ የሻሿን ጫፍ መልሳ ያዘች።

ፎቶውን ተዪው። አዳፕተሩንም ተዪው። በግራ እጇ ስሟን ብቻ ትጻፍልኝ። ጠማማ ቢሆን አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ሲሞላት ከሰል አንሥታ ግድግዳዬ ላይ የሞነጫጨረችውንም አውቀዋለሁ።

አዳዳሽ ፋናዬ

እዚህ ደብዳቤ ላይ ከስሜ በፊት አንድ መስመር ነበረ፤ «ነቢላ፣ ልጄ አጠገብሽ አለች?» የሚል። ኢርሻድ ፎቶ ሊያነሣው ሲል ከእጁ ቀማሁትና በእስክሪብቶ ደጋግሜ ሰረዝኩት። ከዚያ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ነው ያነሣው።

መልስ ለማግኘት አንድ ወር ጠበቅሁ።

ባህሬን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ፣

አላህ ይጠብቅዎ። የጻፉትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ስለ ዘገየሁ አይቀየሙኝ። ለጤናዎ ይጠንቀቁ፤ ጋሼ ገብረ መድህን ወይም አባቴ የሚሉዎትን ይስሙ። በቅርቡ ሁሉም ነገር ይታወቃል። እኔም ብዙ ጸሎት ላይ ነኝ።

ነቢላ

አሰላ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነቢላ፣

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥሽ። ያለፈውን ደብዳቤዬን አላየሁትም በይ። ስሟንም አልፈልግም። ያልኩሽን ሁሉ ተዪው።

ጥምቀት አልፏል። ታቦቱን አጅቤ ቆሜ ነበር። ሰው አፉን ከፍቶ ሲዘምር፣ እጁን ሲያጨበጭብ አያለሁ፤ እኔ ዘንድ ጭጭ ነው። በዚያ መሐል አንድ ነገር አሰብኩ። ካልጠየቅሁ የሚነግረኝ የለም፤ ካልነገሩኝ ደግሞ አልሆነም። ደንቆሮነቴን ያን ቀን ወደድኩት።

ስለዚህ አንቺ መጻፍ ብቻ አታቋርጪ። ደህና ናት ብለሽ ጻፊ። የድንቹን አሠራር ብትሳሳቺም ጻፊው። ልጠሽ፣ ጨው መጀመሪያ አድርገሽ፣ ደወል ደውለሽም ጻፊው። አልጠይቅሽም፤ አላርምሽም። ከእሷ ነው ብዬ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ደብዳቤው ከቀረ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

አዳዳሽ ፋናዬ

ለዚህ መልስ አልመጣም። በሃያ ሁለተኛው ቀን በሬን ከፍቼ ሰዎቹን አገኘኋቸው። ቀብሯ በማግስቱ ሰኞ ተፈጸመ። ሳጥኑን ክፈቱልኝ ብዬ ለምኛለሁ፤ አልከፈቱልኝም።

ባህሬን፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ ፋናዬ፣

አላህ ያጽናዎ። ፊትዎ ቀርቤ እግርዎ ላይ መውደቅ የነበረብኝን በወረቀት ስላደረግሁት አፍራለሁ።

ዓርብ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ስታቋርጥ ነው። ሆስፒታል የጠሩት እኔን ነው፤ ስልኳ ላይ የመጨረሻው ቁጥር የእኔ ነበር። ፊቷ ደህና ነበር፣ አዳዳ። አልተሠቃየችም ብለውኛል። ለአባቴ ደወልኩ። አባቴና ጋሼ ገብረ መድህን ተነጋገሩና «ደም ግፊት አለባት፣ ሬሳ ሳይመጣ መርዶ ብንነግራት እሷንም እናጣታለን፤ እስኪመጣ አጽናኚያት» አሉኝ። በሁለት ሳምንት ያልቃል ያሉኝ ወረቀት ሦስት ወር ፈጀ። የገጫት ሹፌር ጉዳይ ካላለቀ አይለቁም አሉ።

እኔ ምግብ ሠርቼ አላውቅም፤ የምሠራው ፀጉር ቤት ነው። የድንቹን ነገር ከማሽኑ መመሪያ ላይ ገልብጬ ነው የጻፍኩልዎ። ከላክሁት በኋላ «ደወሉን ሲሰሙ» የሚለውን ሳነበው ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ላጠፋው ሞከርኩ፤ ኢርሻድ አትሞ ሰጥቶዎት ነበር። የሰረዙትንም መስመር በስልኬ አጉልቼ አንብቤዋለሁ። ኢርሻድ ደብዳቤዎን በላከ ቁጥር ሳልከፍተው ሁለት ሦስት ቀን ይዤው እዞር ነበር፤ ስልኬን እንደ ፍም እፈራው ነበር። የጥር ደብዳቤዎን ሳነብ ከደንበኛ ፊት ማበጠሪያዬን ጥዬ ወጣሁ።

ሻንጣዋን የሸከፍኩት እኔ ነኝ። አንድም ነገር አላስቀረሁም። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ነቢላ አብዶ

አሰላ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነቢላ፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፈው። ሻንጣዋ ደርሶኛል። ሳልከፍተው ስድስት ቀን አብሬው ተቀመጥኩ። ከዚያ ቢፍቱ ከጎኔ ሆና ከፈትነው።

ጥቁሯ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ አዳፕተሩን አገኘሁት። ከነፕላስቲኩ ነው፤ አንዱ ጥግ ተጨራምቷል። ደረሰኝ ተጠቅልሎበታል። ኢርሻድ ቀኑን ቆጥሮ ነገረኝ። ያችው ዓርብ ናት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቅዳሴ በዚያ ሰዓት ወጥቶ አልቋል።

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አልሽኝ። ነቢላ፣ ከሱቅ ስትመለስ ነው። አንቺ ይህን ታውቂ ነበር። እኔ «አዳፕተሩን አስታውሻት» እያልኩ ስጽፍልሽ ቦርሳው እጅሽ ላይ ነበር። «ስለ እሱ ባይጽፉም ይሻላል» ያልሽኝ አሁን ገባኝ። ስትሸክፊ ልታወጪው ትችይ ነበር፤ አላወጣሽውም። እንኳን አላወጣሽው።

አሰላ ገበያ ሄጄ ነበር። አዳፕተር የሚሸጡ ሱቆችን ቆጠርኩ። አራት ናቸው። አንደኛው ከቤቴ ጀርባ ነው። ቤት ይቃጠላል ብዬ ፈርቼ ነው ባሕር ማዶ ያለች ልጅ አደራ ቶሎ ያልኩት። የንስሐ አባቴ «ቀኗ ነው፣ በራስሽ አትፍረጂ» ብለውኛል። እሺ ብያቸዋለሁ። አፌ ነው እሺ ያለው።

አንቺን ግን አልወቅስሽም። አንቺ ፈርተሽ ዋሸሽኝ፤ እኔም ፈርቼ እያወቅሁ ጠየቅሁሽ። ሁለታችንንም ይቅር ይበለን። ልጄን ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ዓይን የአንቺ ነው። ስትመጪ መጀመሪያ ወደ እኔ ነይ፤ ያን ዓይን ልስመው።

አዳዳሽ ፋናዬ

ከዚህ በታች ያለው ደብዳቤ አይደለም።

መጋቢት 9 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ኢርሻድ ቤት ሄጄ ጨርቁን ከማሽኑ ላይ አነሣሁ። ኢርሻድ «እትዬ፣ ይተዉት ግድ የለም» አለኝ። አዳፕተሩን ከፕላስቲኩ አውጥቼ ሰጠሁት። ግድግዳው ላይ ሲሰካው ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አልሸተተኝም።

ድንቹን ከነልጣጩ ቆርጬዋለሁ። ዘፍዝፌዋለሁ፤ ውሃው እንዳለችው ነጣ። በጨርቅ ሳደርቀው አልቸኮልኩም። ዘይት አንድ ማንኪያ። ጨው የለም። ሁለት መቶ ላይ አድርጌ እጄን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። መዳፌ ላይ ገባ፣ ክንዴ ድረስ ወጣ። ፈራሁ፤ ግን እጄን አላነሣሁም። በአሥረኛው ደቂቃ አውጥቼ ነቀነቅሁትና መለስኩት። እንደገና እጄን አኖርኩ። እንዳያቆም ፈለግሁ። ቢቃጠልም ይቃጠል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ቆመ።

ኢርሻድ በእጁ ማሽኑን ያሳየኛል፤ መጮሁን መንገሩ ነው። ራሴን ነቅንቄ አውቄያለሁ አልኩት። እጄን ወዲያው አላነሣሁም።

ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሼ የመጀመሪያውን ሳህን ለዴራው ሹፌር ለኃይለየሱስ ሰጠሁት። ጥቅምት ላይ የሳቀብኝ እሱ ስለሆነ ነው። አንዱን ነከሰ። አፉን ዘጋ። ሲያኝክ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሚጥሚጣው ይሁን ሌላ አላውቅም። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እንዳነብለት፣ «እትዬ፣ ይንኮሻኮሻል እኮ» አለኝ።

ንኩሽኩሹን እኔ አልሰማሁትም። እሷ ግን እንደዚያ እንዲሆን ነበር የፈለገችው።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ልጄን አስቡልኝ። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው፤ ነፍሷን ይማር በሉ። መስጊድ የምትሄዱም መቅደላዊት የፋናዬ ልጅ ብላችሁ ዱዓ አድርጉላት፤ ከእናንተም ወገን ናት። በልባችሁ ብቻ አታድርጉት፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስሟን ጥሩት። እኔ ባልሰማውም የሚሰማ አለ።